መቅዘፊያ

"መጽሐፉን ዝጉት" አለች ዶክተር የሻረግ፣
መጋረጃውን በክርኗ ገፋ ስታደርግ።
ከመስኮቱ ማዶ ጣና ተዘርግቷል፣
አንድ የደንገል ታንኳ ጭጋግ ላይ ተኝቷል።

"ግልገል ዓባይ ገብቶ፣ ዓባይ ሆኖ ሲወጣ
ከሐይቁ አይቀላቀልም ይባላል፤ ያልፋል እንደ መጣ።
እውነት ይሁን ተረት እኔ አላጣራሁም፣
ለማሽኑ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።
ደም በዚህ ሽቅብ፣ ውሃ በዚያ ቁልቁል፣
ጎን ለጎን ያልፋሉ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ሳይውል፤
መርዙ ብቻ ይሻገራል በስሱ ገለፈት፣
ደም ደም እንደሆነ ይመለሳል ወደ ጌታው ቤት።"

ሰባት ነበርን ሰልጣኞች፣
ከጎንደር፣ ከደሴ፣ አንዱ ከአሶሳ የመጣ፣
"የኩላሊት ስፔሻሊስት" የሚል ባጅ ደረታችን ላይ የወጣ።
የማጣሪያውን ሒሳብ በቃሌ እወጣዋለሁ፤
መርፌውን ግን እስከዚያ ቀን
በነርስ እጅ ብቻ አውቀዋለሁ።

ሲስተር አትጠገብ ክንዱን ይዛ "እዚህ ጋ ዳስስ" አለችኝ፣
ቆዳው ሥር የንብ ቀፎ አለ፤ ጣቴን ነዘረኝ።
ደም ቅዳና ደም መልስ እዚያ ላይ ተሰፍተዋል።
"ፊስቱላ ነው" ስለው አያ ይመር ሳቀ፣
"የሴት ነው ሲሉ ሰምቼ..." አለና ክንዱን ደበቀ።

አርባ ዓመት ደንገል አስሮ ታንኳ የሠራ፣
ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት ሲያመላልስ የኖረ በተራ፣
ዛሬ በቀን ሁለት ብርጭቆ ተመትሮለት
ሐይቁን ጀርባ ሰጥቶ ይተኛል፣ ማየቱ ሲብስበት።
"የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ይላል፣ ከንፈሩን እየላሰ።
እናቴ ትዝ አለችኝ። ማታ ማታ ጸሎቷን
"ልብ ያመላለሰ፣ ኩላሊት ያጤሰ"
ብላ ነበር የምትጀምረው።
ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤
ሐኪም ሆኜም አልገባኝም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት፣
መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ዝም አለ።
የማሽኑ ባትሪ፣ ይለወጣል ከተባለ ዓመት ያለፈው፣
ጭል ጭል ብሎ ጠፋ።
ጩኸት። ከዚያ ጩኸቱም ጠፋ።
ከሰውየው ክንድ የወጣ ደም ቱቦው ውስጥ ቆሟል፣
ሊረጋ ደቂቃ ይቆጥራል።
ሲስተር አትጠገብ ከሌላው አልጋ ላይ ናት፣
ዶክተር የሻረግ በሩ ላይ፤ ዝም አለች፤ ሆን ብላ ናት።

እጀታውን አወጣሁ፣ ፓምፑ ላይ ሰካሁት፣
አዞርኩት፣ ቸኮልኩ፣ አቆምኩት፣ ደግሞ አጣደፍኩት።
ፈተና ላይ ሙሉ ያገኘሁበት ጥያቄ ነበር።

"ቀስ" አለኝ አንድ ድምፅ ከትራሱ።
"ልጄ፣ ማዕበል ሲነሳ እንዲህ አይቀዘፍም፤
በጉልበት የገፋ ይደክማል እንጂ ዳር አይደርስም።
እኔ ልቁጠርልህ።
አንድ፣ ግፋ። ሁለት፣ ልቀቅ። አንድ፣ ግፋ። ሁለት፣ ልቀቅ።
ክንድህን ሳይሆን ወገብህን ስጠው። አየኸው? አትጨነቅ።"

ቆጠረ። ቀዘፍኩ።
የራሱን ደም፣ በራሱ ምት፣ ወደ ራሱ መለስኩ።
የሻረግ በኋላ "አሥራ አንድ ደቂቃ" አለች፤
እኔ ግን ዘጌ ደርሼ ተመለስኩ።

መብራት ሲመጣ ቱቦው ከቀይ ወደ ሮዝ፣
ከሮዝ ወደ ጥሩ ውሃ ነጽቶ ነበር።
አያ ይመር ዓይኑን እንደጨፈነ
"የመሪ ዋጋዬን" አለ፣ "አንዲት ጠጠር በረዶ፤
ከነገው ይቀነስ።"
በማንኪያ ሰጠሁት። ምላሱ ላይ አስቀመጠው፣ አላኘከውም።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ሃያ ሚሊ ሊትር።

የምስክር ወረቀቴ ላይ የሦስት ሰዎች ፊርማ አለ፤
የእሱ የለበትም።
በዚያ ከሰዓት ብቻ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፣
እምቦጩን፣ ውሃውን፣ ከዳር የምትርቀውን ታንኳ አየ፣ አየና
"ያን ልጅ እየው" አለኝ፣
"በክንዱ እኮ ነው የሚቀዝፈው።"